አርባ ቁጠሩ

ጥቅምት 3 ቀን

ውድ አባዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ደህና ነን። ዝም በማለቴ ተቆጥተሃል ብዬ ስለፈራሁ መጻፉን አዘገየሁት፤ ባዘገየሁት ቁጥር ደግሞ ይበልጥ እየፈራሁ ሁለት ወር ሞላኝ። ይቅር በለኝ። በጎረቤትህ ስልክ ልደውል አስቤ ነበር። ግን ሰውየው የምነግራቸውን ለሰፈሩ ሁሉ ያሰማሉ፤ የማትሰማው አንተ ብቻ ነህ። የሠራህበት ማተሚያ ቤት በጩኸቱ ጆሮህን ወስዶ እጅህን ስለተወልኝ አመሰግነዋለሁ፤ ደብዳቤ ይሻለናል።

አዎ፣ ሹመቱን ተቀብያለሁ። ስድስት ዓመት አንሶላ ሳጥፍ ቆይቼ አሁን የእጥበት ክፍሉ ኃላፊ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ሰው በሥሬ አለ። ከሆቴልና ከሆስፒታል የሚመጣውን ጨርቅ እናጥባለን፣ እንጨምቃለን፣ እናደርቃለን፣ እንተኩሳለን። ድርጅቱ የአማኝ ድርጅት ስለሆነ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማጠፊያው ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመን አሥራ አምስት ደቂቃ እንጸልያለን፤ ኃላፊው ደግሞ አንድ ነገር ያካፍላል። በመጀመሪያው ቀን የማካፍለው ሳላዘጋጅ ሄድኩ። አሥራ ዘጠኙም ያዩኛል። ከቦርሳዬ ያንተን የዱሮ ደብዳቤ አውጥቼ አነበብኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስገባ "ዛሬስ የአባት ደብዳቤ አለ?" ነው ሰላምታቸው።

ይበልጥ የሚወድህ የመጭመቂያው ሠራተኛ ነው። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ፉጨት ነው የሚባለው። ማሽኑ ጋ ቀኑን ሙሉ መዝሙር ያፏጫል። ሚስቱ ካውያ ላይ ነች፤ "የትኛው መዝሙር እንደሆነ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው" ትላለች። አንዲት ትንሽ ልጅ አለቻቸው።

እባክህ ጻፍልኝ። ሰው መምራት አላውቅም፤ አንተ ሠላሳ ዓመት መርተሃል፣ በቤተ ክርስቲያንም አስተምረኸዋል። ፉጨት ደግሞ "የመሯቸው ሰዎች ዛሬም ይጠይቋቸዋል ወይ በይልኝ" ብሏል።

ልጅህ

ጥቅምት 15 ቀን

ለልጄ፣ ለአዲሷ ሹም፣

ሰላምታዬ ከነቤተሰብሽ ይድረስሽ። ተቆጥቼ ነበር፤ ደብዳቤሽ ሲመጣ ግን ቁጣዬን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ። ጉልበቴ እንደወትሮው ነው። ደረጃ ስወጣ ያማርራል፣ ስወርድ ይሳደባል።

ስለምታረፍደዋ ሴትዮ በደብዳቤሽ ጠርዝ ላይ ጽፈሽ ለጠየቅሽኝ፣ ከመቅጣትሽ በፊት ለምን እንደምታረፍድ ጠይቂያት። ብዙ አለቃ ይህችን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ጡረታ ይወጣል።

አሁን ለጠዋቱ የሚሆንሽን ልስጥሽ። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ የሕዝቡን ጣጣ ሲሰማ አማቱ መጥቶ አየው። "ይህ ነገር አንተንም ሰዉንም ይጨርሳል፣ ሥራውን አካፍል" አለው። የአማት ምክር መስማት ለማንም ይከብዳል። ሙሴ ግን ሰማ። ለእኔ ባሕር ከመክፈሉ ይህ አያንስም። ስለዚህ ሁሉን በራሴ እጅ ካልያዝኩ አትበዪ።

ሁለተኛ ነህምያ ነው። ቅጥሩን ሊሠራ ሲመጣ ለማንም ሳይናገር መጀመሪያ ዞሮ የፈረሰውን በዓይኑ አየ። አንቺም ሰዎቹን መምከር ከመጀመርሽ በፊት ማሽኖቹን ዞረሽ ተመልከቻቸው። በእጅሽ ንኪያቸው። ጥፋት ከሰው ከመፈለግሽ በፊት ከብረቱ ፈልጊ።

ፉጨት ላለው፣ አንዳንዶቹ ይጠይቁኛል። ከእኔ ጋር ይሠራ የነበረ የአንድ ሰው ሚስት እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አገኛታለሁ፤ ባሏ ከሞተ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሰላም እንባባላለን። ሌላ የሚጻፍ የለኝም።

እናትሽ ብትኖር በሹመትሽ ደስ ይላት ነበር። ይህን ስጽፍ ትንሽ አለቀስኩ።

አባትሽ

ኅዳር 4 ቀን

ውድ አባዬ፣

የላክሁልህ መነጽር ስለደረሰህ ደስ ብሎኛል። አዎ፣ ልኩን የገመትኩት ነው፤ ከጠበበ አፍንጫህን አሳንሰው።

አንተ እንዳልከኝ ማሽኖቹን አንድ በአንድ ዞርኳቸው። ማጠቢያዎቹ ደህና ናቸው። ማድረቂያው አሮጌ ቢሆንም ይሠራል። የመጭመቂያው ክዳን ግን መቆለፊያው አይሠራም። ማሽኑ በኃይል እየተሽከረከረ ውሃውን ይተፋል፤ ሲጠፋ ወዲያው አይቆምም፣ ለተወሰነ ጊዜ ይዞራል። መቆለፊያው ደህና ቢሆን ውስጡ የሚሽከረከረው ከበሮ ፈጽሞ እስኪቆም ክዳኑ እንቢ ይላል። አሁን ግን ማንም በማንኛውም ሰዓት መክፈት ይችላል። በዚያ ላይ ክፍሉ በእንፋሎት ስለሚሞላ ከበሮው መቆሙ በደንብ አይታይም።

ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። ጥሩ ሰው ነው፣ ያንተን ደብዳቤ ግልባጭ ለምኖኝ ቢሮው ለጥፏል። "መቆለፊያው ይታዘዛል፤ የሆቴሎቹ ሥራ እስኪቀንስ ብቻ ታገሺኝ፣ አሁን ማሽኑን ማቆም አልችልም" አለኝ። እኔም ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብዬ መላ ፈጠርኩ። ሰዓት ይዤ ለካሁት፤ ከጠፋ በኋላ ለመቆም ሠላሳ ሦስት ሰከንድ ወሰደበት። ጨምሬ አርባ አደረግኩትና ጠዋት ላይ "ማሽኑን አጥፍታችሁ አርባ ቁጠሩ፣ ከዚያ በፊት ክዳኑን እንዳትነኩ" አልኳቸው። ፉጨት አሁን ያፏጫል፣ ያጠፋል፣ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ ከዚያ መዝሙሩን ካቆመበት ይቀጥላል። ሚስቱ ከካውያዋ ሆና አብራው ስትቆጥር ሁላችንንም ያስቀናል።

በራሴ መላ ኮርቻለሁ፤ ላንተ ብደብቅም ያስታውቅብኛል። ግን አንድ ነገር አማክረኝ። ሥራ አስኪያጁን ልጨቅጭቀው? ወይስ ቃሉን ሰጥቶኛልና ልታገስ?

ልጅህ

ኅዳር 16 ቀን

ልጄ፣

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። የላክሽልኝ የልጆቹ ሥዕል ደርሶኛል። ትልቁ እኔን ሲሥል ጆሮዬን የዝሆን አድርጎታል። ሰው ለማይሰማ ጆሮ ይህን ያህል ሥፍራ አይሰጥም፤ ንገሪው።

ለጠየቅሽኝ የሚሆን ታሪክ አለ። ዳዊት ንጉሡ ሊገድለው ሲያሳድደው ዋሻ ውስጥ ተደብቆ ሳለ፣ ያው ንጉሥ ብቻውን ገባለት። ሰዎቹ "ቀንህ ዛሬ ነው" አሉት። እሱ ግን የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆርጦ ተወው፤ በዚያም እንኳ ልቡ ወቀሰው። ከበላይሽ ጋር ስትጋጪ ይህን አስቢ። አለቃሽ እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ የሚጸልይ ሰው ነው። ቃል ሰጥቶሻል። አንቺም የራስሽን ጥንቃቄ አድርገሻል። ታገሺ፤ ሥራው ሲቀል ያሠራዋል።

አርባዋ ጥሩ መላ ነች። የኔ ልጅ መሆንሽ በዚህ ይታወቃል።

አባትሽ

ታኅሣሥ 6 ቀን

አባዬ፣

ሰላምታ ሳልጽፍ መጀመሬን ይቅር በለኝ። ሦስት ጊዜ "እንደምን ከርመሃል" ብዬ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩት። በጎረቤትህ በኩል የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። አልታመምኩም። ልጆቹም ደህና ናቸው። ዝም ያልኩት የምጽፍበት ቃል ስላጣሁ ነው።

ፉጨት ቀኝ እጁን አጣ። ከክርኑ በታች ቆረጡት። ሁለት ሳምንት ሆነው። እንዴት እንደሆነ አልጽፍልህም፣ አልችልም። የሚሽከረከረው አንሶላ ክንዱ ላይ ተጠመጠመ፤ ይኸው ነው። ሚስቱ ከካውያዋ ተነስታ ስትሮጥ ያየሁትን አሁንም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ።

በማግስቱ መካኒኩ ማሽኑን ፈታው። ፍሬኑ አልቋል አለኝ። እኔ በለካሁበት ቀን ሠላሳ ሦስት ቢሆንም፣ በየቀኑ እያለቀ ሄዶ ከባድ ጭነት ሲኖርበት "እንኳን አርባ፣ ስልሳም አይበቃው" አለኝ። ይህንኑ ለሥራ አስኪያጁም ነገረው፤ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ።

ሆስፒታል ሄጄ ፉጨትን አየሁት። ምን አለኝ መሰለህ? "እህቴ፣ ባንቺ ክፍል ይህን አመጣሁብሽ፣ ይቅር በይኝ። ቆጥሬ ነበር፤ የሆነ ቦታ ላይ የዘለልኩ ይመስለኛል" አለኝ። እኔ ትራሱን አስተካከልኩለት። የመካኒኩን ቃል ሳልነግረው ወጣሁ።

አሁን የአደጋው ሪፖርት ጠረጴዛዬ ላይ ነው። "ሠራተኛው የታዘዘውን አርባ ሳይቆጥር ክዳኑን በመክፈቱ" ይላል። የክፍሉ ኃላፊ ካልፈረመበት ወደ ሥራ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት አይሄድም፤ ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ ሃያ፣ መሄድ አለበት። ይህ ከተፈረመ ጥፋቱ የራሱ ነው ተብሎ ያለ ካሳ ባዶውን ይሰናበታል። ሥራ አስኪያጁ በሩን ዘግቶ "ቁጥሩን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ቁጥሩ ስህተት ነበር ካልሽ ጥፋቱ ያንቺ ይሆናል፤ እሱ ተሳሳተ ካልሽ ሁላችንም እናልፋለን" አለኝ። ከዚያ "እንጸልይ" አለኝ። አብሬው ዓይኔን ጨፈንኩ አባዬ። አሜንም አልኩ።

እንዲህ ያለ ወረቀት ቀርቦልህ ያውቃል? ያኔ ምን አደረግክ? ታሪክ አትንገረኝ። ሙሴንም ነህምያንም ለዚህች ሳምንት ተውልኝ። ፈርሚ ወይም አትፈርሚ በለኝ። ያልከኝን አደርጋለሁ።

ልጅህ

ታኅሣሥ 12 ቀን

ለተወደድሽው ልጄ፣

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። ደብዳቤሽ ዛሬ ደርሶኝ በዚያው ቀን እየመለስኩልሽ ነው። በወንድማችን ላይ በደረሰው በጣም አዝኛለሁ። ጌታ ያጽናው።

ዮሴፍ በሰው ቤት፣ ዳንኤልም በነገሥታት አደባባይ ሲያገለግሉ ከበላዮቻቸው ጋር በጥበብ ነበር የኖሩት። ሥልጣንን ማክበር ታዘናል። በሪፖርቱ ላይ ያለው ቃል የድርጅቱ ቃል ነው፤ አንቺ የምትፈርሚው በኃላፊነትሽ ነው። ፈርሚ ብዬ አላዝሽም፤ ሆኖም ልጆች አሉሽ። ሥራሽ ላይ ብትቆዪ ሰውየውንም በሌላ መንገድ ልትረጂው ትችያለሽ። እግዚአብሔር ልብን ያያል።

ለሌላው ጥያቄሽ፣ ጊዜው ረጅም ስለሆነ ሁሉንም አላስታውስም።

አባትሽ

ታኅሣሥ 16 ቀን

ልጄ፣

ያለፈውን ደብዳቤዬን ቅደጂው። ይህን በራሴ እጅ ፖስታ ቤት ወስጄ ነው የምሰጠው። በጎረቤቴ ስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ በራፋቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ፤ የምነግርሽን ነገር ሰው እየሰማኝ መጮህ አልቻልኩም። አሁንም ኩራቴ ከእኔ ጋር እንደሆነ ከዚህ እወቂ። ከማክሰኞ በፊት እንዲደርስሽ እጸልያለሁ።

አስታውሳለሁ። ሁሉንም አስታውሳለሁ።

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ወረቀት ወደ ፎቅ የምናወጣበት የዕቃ አሳንሰር ነበር። ሰኞ ቀን ገመዱን በእጄ ዳሰስኩት፤ ፈትሉ ተበጣጥሶ መዳፌን ወጋኝ። ለባለቤቱ ነገርኩት። "አንድ ሳምንት ብቻ፣ ይህ ትእዛዝ ይለቅና" አለኝ። እኔም ታገስኩ። ረቡዕ ዕለት ጫኚያችን "ልጫን?" አለኝ፣ "ጫን" አልኩት። እንደወትሮው ጫነ፤ አንድ እሽግ እንኳ አልጨመረም። ዕቃውን እየደገፈ አብሮ ገባ፤ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናደርገው። ወደቀ። ጓደኛዬ ነበር። አንቺን አንገቱ ላይ ተሸክሞሽ ያውቃል፤ ሕፃን ስለነበርሽ አታስታውሽውም።

ወረቀቱ ለእኔም ቀረበልኝ። ከተፈቀደው በላይ ጭኖ ነው የሚል። ፈረምኩ። በዓመቱ ዋና ኃላፊ ሆንኩ። በሁለት ዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ስለ መሪነት እንዳስተምር ጠየቁኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ፣ በእንባ ነግሬዋለሁ። ለሚስቱ ግን አልነገርኳትም። እሑድ እሑድ ሰላም የምትለኝ እሷ ነች። እናትሽ ታውቅ ነበር። እስክትሞት አንድ ቀን አላነሳችብኝም፤ ሳስተምር ግን መጥታ ሰምታኝ አታውቅም። አንቺ ወገቧን እያመማት ይመስልሽ ነበር።

ስለ ዳዊት ሳስተምር ሁልጊዜ ዋሻው ላይ ነው የማቆመው። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ ወታደሩን ሊያስገድለው ደብዳቤ ጽፎ በራሱ በሟቹ እጅ የላከውን፣ ለማንም አስተምሬ አላውቅም። ለዳዊት ነቢይ መጣለት። ለእኔ ያንቺ ደብዳቤ መጣልኝ፤ እኔም አላስታውስም ብዬ መለስኩት። በኅዳር ታገሺ ያልኩሽም ይኸው ፈሪ ሰው ነው። እኔ ታግሼ ሰው ስለሞተ፣ መታገስ ልክ ነበር ብዬ ለራሴ እየነገርኩ ነው ያረጀሁት። ትዕግሥት አስመስዬ የራሴን ፍርሃት ሰጠሁሽ። አንቺም ወሰድሽው፤ አባትሽ ነኛ።

አትፈርሚ። ሥራሽን ብታጪ ወደዚህ ነይ፣ ከነልጆችሽ፤ ሁለት ክፍል ባዶ ነው። ይህንንም ደብዳቤ እንደሌሎቹ ጠዋት አንብቢላቸው።

አባትሽ

ታኅሣሥ 24 ቀን

አባዬ፣

ሁለተኛው ደብዳቤህ ሐሙስ ደረሰኝ። ማክሰኞ ፈርሜያለሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደርሶኝ ነበር። እሑድን ሙሉ ይዤው ዋልኩ። "እግዚአብሔር ልብን ያያል" የምትለዋን ደጋግሜ አነበብኳት። አባዬ እንዲህ ካለኝ ይቻላል ማለት ነው አልኩ። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ ክዳኑን ከፍቶ ነው የሰጠኝ። ቶሎ ፈረምኩ። ይህን የምነግርህ እንድታዝን ነው።

ተናድጄብሃለሁ። በሕይወቴ እንዲህ ተናድጄብህ አላውቅም። ስንት ጠዋት አነበብኩህ! አሥራ ዘጠኝ ሰው ቆሞ ሰማህ። ፉጨት ያንተን ቃል ወረቀት ላይ ገልብጦ ማሽኑ ጎን ለጥፎ ነበር። ለአንዲት ጥያቄ ብቻ እውነቱን ብትመልስልኝ ምን ነበረበት? አንዲት ቃል ነው የጠየቅኩህ።

በማግስቱ ሚስቱ ሥራ ገባች። "እንዴት አደርሽ እህቴ" አለችኝ። እሱ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት መሆኑን ነገረችኝ፣ "ስላላሳበብሽበት ያመሰግንሻል" አለችኝ። ሪፖርቱን አላየችውም።

ደብዳቤህን አላነበብኩላቸውም። ጠዋት "የአባት ደብዳቤ አልመጣም?" ሲሉኝ አልመጣም አልኩ። አሁን እኔም እንዳንተ ነኝ። የምጠይቅህ የለኝም፤ መልስም አትጻፍልኝ።

ልጅህ

ጥር 2 ቀን

ልጄ፣

አትጻፍልኝ ብለሻል። ይህን ብቻ አንብቢና ከፈለግሽ ሌላውን ሳትከፍቺ ጣዪው። ሁሉም ያልሽው ልክ ነው።

ዛሬ እሑድ ነው። ከጸሎት በኋላ የሟቹን ጓደኛዬን ሚስት ጠበቅኳት። አጥሩ ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ አስቀምጬ ነገርኳት። ጆሮዬ ስለማይሰማ ድምፄን መመጠን አልችልም፤ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ሰማ። ይስማ አልኩ።

ትጮህብኛለች፣ ትመታኛለች ብዬ ነበር። ብትመታኝ ደስ ባለኝ። አጎንብሳ ጫማዬን አየች። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ እንዲህ አለችኝ፦ "ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለልጆቼ አባታችሁ ችኩል ነበር ብዬ አሳደግኳቸው። ትንሹ ብርጭቆ በሰበረ ቁጥር 'እንደ አባትህ ነህ' እለው ነበር። መቃብሩ ላይ ሄጄ እንኳ ተቆጥቼዋለሁ። ምን አጣደፈህ እለው ነበር።"

ተነስታ ሄደች። ይቅር በይኝ ማለት አፌ ላይ ነበር፤ ለማን ብላ ይቅር እንደምትለኝ ግን አላወቅኩም። ባሏን አንዴ ብቻ ነው የወሰድኩባት ብዬ ነበር የማስበው። ለካስ ከሞተም በኋላ በየቀኑ ስወስድባት ኖሬያለሁ።

ለሽማግሌዎቹ ነግሬያቸው ማስተማሩን ትቻለሁ። ከማስተማሪያው ደብተሮቼ ጋር ምን እንደማደርግ አላውቅም። ውስጣቸው ያለው ውሸት አይደለም፤ የተናገረው ሰው ነው ውሸት።

ልጄ፣ ያንቺ ሰውዬ በሕይወት አለ። እኔ የሌለኝ ነገር አለሽ። ምን አድርጊ አልልሽም፤ ያ ሥልጣን የለኝም።

አባትሽ

ጥር 11 ቀን

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ? አልታረቅኩህም፤ ግን ያለ ሰላምታ መጻፍ አስጠላኝ።

ሴትዮዋ ያለችህን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ዞርኩ። ቅዳሜ ተቀምጬ ሌላ ሪፖርት ጻፍኩ፤ ስለ መቆለፊያው፣ ስለ ፍሬኑ፣ ስለ አርባው፣ መቼ እንደተናገርኩና ማን ምን እንደመለሰልኝ፣ ታኅሣሥ ሃያ የፈረምኩትም ሐሰት መሆኑን። መካኒኩ አነበበውና ብዙ አሰበ። አራት ልጆች አሉት። ፈረመበት። አንዱን ለሥራ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሰጠሁ፣ ሌላውን ኪሴ ውስጥ ይዤ ሰኞ ጠዋት ገባሁ።

ማጠፊያው ዙሪያ ሁሉም ቆመዋል። ሥራ አስኪያጁም በዚያ ቀን መጥቶ በሩ ጋ ቆሟል። "ዛሬ የአባቴ ደብዳቤ አለ" ስል "አሜን" አለ፤ የሚያንጽ ነገር የሚሰማ መስሎት። ያንን የገመዱን ደብዳቤ አነበብኩ። መሀል ላይ የምታረፍደዋ ሴትዮ ውሃ አመጣችልኝ። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ከዚያ ወረቀቱን አጠፍኩና "እኔም ፈርሜያለሁ" አልኩ። ምን ላይ እንደፈረምኩ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሥራ አስኪያጁ ሳልጨርስ ወጣ። ከሰዓት በኋላ የስንብት ደብዳቤዬን ጸሐፊዋ አምጥታ ሰጠችኝ። ምርመራው ምን እንደሚል ገና አይታወቅም፤ እኔም ልከሰስ እችላለሁ ተብያለሁ፤ ቁጥሩን ያወጣሁት እኔ ነኝና። ባለቤቴ "አብረን እንሆናለን" ብሎኛል። ልጆቹ ወደ አንተ የምንመጣ መስሏቸው ደስ ብሏቸዋል።

የምጽፍልህ ግን ስለዚህ አይደለም። ተናግሬ ስጨርስ የፉጨት ሚስት ለሥራ ካሞቀችው ካውያዋ ጋር ቆማ እያየችኝ ነበር። ስለ ሥራዬም፣ ስለ ካሳም፣ ስለ ክስም አልጠየቀችኝም።

"አርባ ቆጥሯል ማለት ነው?" አለችኝ።

"ቆጥሯል" አልኳት።

"አልዘለለም?"

"አልዘለለም። አርባው ነው የማይበቃው። የሳትኩት እኔ ነኝ።"

"ቤት ተቀምጦ ይቆጥራል እኮ" አለችኝ። "ቀኑን ሙሉ። የት ላይ እንደዘለልኩ ላግኘው ይላል። ልጄም አጠገቡ ቁጭ ብላ ጣቷን እየዘረጋች ትቆጥርለታለች። 'አባዬ አሁን ልክ ነህ' ትለዋለች፣ እሱ እንደገና ይጀምራል።"

እህቴ አላለችኝም። ይቅርታም አልጠየቅኳት፣ ጊዜው የኔ አልነበረም። ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ልትነግረው ወጣች፤ በመስኮቱ በኩል ስትሮጥ አየኋት። ካውያዋ አንሶላ ላይ እየጋለ ነበርና ሄጄ አጠፋሁላት።

ልጅህ